የጥናት ማኅደርና የነጋዴው ጥቅም

ነጋዴ የሚያተርፈው በዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ዕቃው ባለው ዕውቀትም ጭምር መሆኑ የታወቀ ነው። ሰሊጥ በምን ያህል እርጥበት ቢከማች እንደሚበላሽ፣ ቡና በምን ዓይነት አደራረቅ ጣዕሙን እንደሚጠብቅ፣ በርበሬን ሻጋታ ለምን እንደሚይዘው አስቀድሞ የተረዳ ሰው፣ ይህን ሳያውቅ ከሚነግደው ጓደኛው ይልቅ ከኪሣራ ይድናል። ይህን የመሰለው ዕውቀት ደግሞ ከልምድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ጣቢያው የሚሠሩ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት መርምረው ጽፈውታል። ጥያቄው፣ የጻፉት ሁሉ የት ይገኛል? ማንስ ያነበዋል? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ባለፉት ሃያ አምስት ያህል ዓመታት ውስጥ በዓለም ላይ አንድ አዲስ ዓይነት መጋዘን ተስፋፍቷል። ይኸውም አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ድርጅት፣ መምህራኑና ተማሪዎቹ የጻፉትን ጥናት በኮምፒዩተር ሰብስቦ፣ መዝግቦና ጠብቆ፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ በኢንተርኔት አማካይነት እንዲያነበው የሚያደርግበት ማኅደር ነው። ማኅደሩ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ ለምን ባዶውን እንደሚቀርና ለነጋዴው ምን ጥቅም እንዳለው ከዚህ በታች ተዘርዝሯል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ያልተለመደ ንግድ

የምርምር ጽሑፍ የሚሸጥበት መንገድ ለነጋዴ ዐይን እንግዳ ነው። አጥኚው ደመወዙን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ከመንግሥት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ የጥናቱም ወጪ የሚከፈለው ከሕዝብ ግብር ወይም ከርዳታ ገንዘብ ነው። ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ጽሑፉን ለአንድ የሙያ መጽሔት ያለ ዋጋ ይሰጣል። መጽሔቱም ጽሑፉን በዚያው ሙያ ለታወቁ ሌሎች ሊቃውንት አስመርምሮ ያትመዋል፤ መርማሪዎቹም እንደ ልማዱ የድካም ዋጋ አይከፈላቸውም። ከዚህ በኋላ አሳታሚው መጽሔቱን፣ ጽሑፉ ለወጣበት ለዚያው ዩኒቨርሲቲ በዓመታዊ ደንበኝነት መልሶ ይሸጥለታል። ደንበኛ ያልሆነ ሰው አንዱን ጽሑፍ ብቻ ልግዛ ቢል ብዙ ጊዜ 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ጥሬ ዕቃውን በነፃ ተቀብሎ፣ የጥራት ምርመራውን በነፃ አሠርቶ፣ ዕቃውን ለአምራቹ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ በሌላ ገበያ በቀላሉ አይገኝም።

አሳታሚው የማረም፣ የማተምና የማሠራጨት ወጪ እንዳለበት አይካድም። ይሁን እንጂ የዋጋው መናር ባለጠጎቹን ዩኒቨርሲቲዎች እንኳ እስከ ማስጨነቅ ደርሷል። በ2012 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት አማካሪዎች፣ ለአንዳንድ አሳታሚዎች መጽሔቶች ብቻ በዓመት ወደ 3.75 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንደሚወጣና ይህም ሊቀጥል እንደማይችል ለመምህራኑ አስታወቁ። በ2019 ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ታላቅ አሳታሚ ጋር በዋጋና በክፍትነት ነገር ስላልተስማማ ደንበኝነቱን አቋረጠ፤ አዲስ ውል የተፈራረሙት በ2021 ነው።

ይህ ለባለጠጋ አገር የሒሳብ ጉዳይ ሲሆን ለድኃ አገር ግን የሕይወት ጉዳይ እስከ መሆን ይደርሳል። በ1982 የጀርመን ተመራማሪዎች በላይቤሪያ ሰዎች ደም ውስጥ፣ ሰውነት ኢቦላን ለመከላከል የሚያዘጋጀውን ንጥረ ነገር አግኝተው፣ ያች አገር በሽታው ከሚገኝባቸው አገሮች ጋር መቈጠር እንዳለባት በአንድ የአውሮፓ መጽሔት ላይ ጻፉ። ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ በሽታው በላይቤሪያ በተነሣ ጊዜ ይህ ማስጠንቀቂያ በአገሪቱ የጤና ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ አልነበረም። በ2015 የላይቤሪያ ጤና ሚኒስቴር ዋና የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር በርኒስ ዳን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ነገሩን ሲገልጹ፣ ያን ጽሑፍ ለማውጣት የሚጠየቀው 45 ዶላር የአንድ ላይቤሪያዊ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ እንደሚያህል አስረድተዋል። በላይቤሪያ ብቻ ከ4,800 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ጽሑፉ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይድኑ ነበር ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ያልተነበበ ማስጠንቀቂያ ካልተጻፈ ማስጠንቀቂያ እንደማይሻል ይህ ታሪክ ያሳያል።

ማኅደሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

የነገሩ መነሻ የሊቃውንት የርስ በርስ ልማድ ነው። የፊዚክስ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸው እስኪታተም ድረስ አንዱ ለሌላው ቅጂ የመላክ ልማድ ነበራቸው። በ1991 ፖል ጊንስፓርግ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ይህን ልውውጥ በኮምፒዩተር እንዲካሄድ አደረጉት። አርካይቭ የተባለው ይህ ማኅደር በ2001 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ቀጥሎም እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ማኅደር ማቆም የሚችልበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተዘጋጀ። በ2000 በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ኢፕሪንትስ የተባለውን፣ በ2002 ደግሞ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ጋር ሆኖ ዲስፔስ የተባለውን ፕሮግራም ለዓለም አበረከቱ። ሁለቱም ያለ ዋጋ የሚሰጡ ስለ ሆኑ፣ ማንኛውም ተቋም የፕሮግራም ፈቃድ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ሳያወጣ ሊገለገልባቸው ይችላል።

በዚያው በ2002 በፌብሩዋሪ ወር በቡዳፔስት ከተማ ስም የሚጠራው መግለጫ ወጣ። መግለጫው ለክፍት ንባብ ሁለት መንገዶችን አመለከተ። አንደኛው አጥኚው የጽሑፉን ቅጂ በማኅደር ማስቀመጡ ሲሆን፣ ሁለተኛው መጽሔቱ ራሱ ለአንባቢ ያለ ክፍያ የሚከፈት መሆኑ ነው። በሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ወጪው ወደ ደራሲው ይዞራል፤ አንዳንዱም መጽሔት ለአንድ ጽሑፍ በሺህ የሚቈጠር ዶላር ያስከፍላል። የመጀመሪያው መንገድ ግን አጥኚውን ገንዘብ አያስከፍለውም። ስለዚህ አቅማቸው ውስን ለሆነ አገሮች ይበልጥ የሚስማማው ይኸኛው ነው።

የማኅደሩ አሠራር

ዕቃ ከጉምሩክ አውጥቶ መጋዘን ያስገባ ነጋዴ የማኅደሩን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም።

1ኛ/ ገቢ ማድረግ። አጥኚው ወይም የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የጽሑፉን ቅጂ በኮምፒዩተር ያስገባል። ብዙ አሳታሚዎች ያማረውን የታተመ ቅጂ ባይፈቅዱም፣ በመርማሪዎች ታይቶ የጸደቀውን የደራሲውን የመጨረሻ ረቂቅ ማስቀመጥ ይፈቅዳሉ። በቁም ነገሩ ሁለቱ አይለያዩም።

2ኛ/ መዝገብ። በሣጥን ላይ የሚለጠፍ የዕቃ ዝርዝር ሳይኖር የሣጥኑ ውስጥ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ ጽሑፉም ርእሱ፣ የደራሲው ስም፣ ዓመቱ፣ አጭር መግለጫውና ዋና ዋና ቃላቱ ካልተመዘገቡለት አይገኝም። መዝገቡን አሳስቶ መሙላት ጽሑፉን ከመጣል አይሻልም።

3ኛ/ ቋሚ ቍጥር። እያንዳንዱ ጽሑፍ የማይለወጥ ቍጥር ይሰጠዋል። የኮምፒዩተሩ ቦታ ቢዛወር ወይም ቢለወጥ እንኳ፣ ቍጥሩን የያዘ ሰው የመጋዘን ደረሰኝ እንደ ያዘ ሰው ዕቃውን ያገኛል።

4ኛ/ ፈቃድ። አንባቢው ጽሑፉን ማንበብ ብቻ ወይስ ማባዛትና መተርጐም ይችል እንደ ሆነ ከጽሑፉ ጋር ይገለጻል። አሳታሚው የመቆያ ጊዜ ጠይቆ እንደ ሆነ ጽሑፉ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ተዘግቶ ይቆያል፤ መዝገቡ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታያል።

5ኛ/ ግንኙነት። ከ2001 ጀምሮ ማኅደሮች መዝገባቸውን የሚለዋወጡበት የጋራ ደንብ አላቸው። በዚህም ምክንያት አንባቢው እያንዳንዱን ማኅደር ማንኳኳት አያስፈልገውም፤ በኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ ቃሉን ቢጽፍ በልዩ ልዩ አገር ያለው ጽሑፍ ይወጣለታል።

መጋዘኑ ለምን ባዶ ይቀራል?

መጋዘን መሥራት ቀላል ነው፤ የሚከብደው መሙላቱ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅደሩን በክብር መርቀው ከከፈቱ በኋላ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ቀርቶባቸዋል። ምክንያቱ የአጥኚዎች ክፋት አይደለም። አንዱ ጊዜ ያጣል፤ ሌላው ከአሳታሚው ጋር የተፈራረመውን ውል እንዳያፈርስ ይፈራል፤ ሌላውም የሚያገኘው ጥቅም አይታየውም።

በውዴታ ብቻ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያዋጣ በአሜሪካ ታይቷል። ብሔራዊው የጤና ምርምር ድርጅት በ2005፣ በእርሱ ገንዘብ የተሠራውን ጥናት አጥኚዎች በመንግሥቱ ማኅደር እንዲያስቀምጡ በልመና ጠየቀ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያስቀመጡት ከመቶ 5 እንኳ አልሞሉም። በ2008 ነገሩ በሕግ ግዴታ ሆኖ የ12 ወር የመቆያ ጊዜ ተሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ማኅደሩ ሞላ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ የመቆያው ጊዜ ራሱ ቀርቷል።

የቤልጂጉ የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ የተከተለው ዘዴ ይበልጥ ለነጋዴ የሚገባ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2008 ኦርቢ የተባለውን ማኅደር ሲከፍት፣ በጊዜው ሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር በርናር ራንቲዬ አንድ ደንብ አወጡ። ይኸውም የመምህራን የሥራ ውጤት ለሹመት ወይም ለዕድገት በሚመዘንበት ጊዜ የሚቈጠረው በማኅደሩ ውስጥ የተመዘገበው ጽሑፍ ብቻ እንዲሆን ነው። ማንም አልተቀጣም፤ ማንም አልተለመነም። ሚዛኑ ላይ ያልወጣ ዕቃ ዋጋ እንደማይወጣለት የታወቀ ስለ ሆነ፣ መምህራኑ ጽሑፋቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ።

ከመሙላቱ ቀጥሎ ያለው ችግር መጠበቁ ነው። ፕሮግራሙ ያለ ዋጋ ቢገኝም፣ ኮምፒዩተሩ፣ መብራቱ፣ የኢንተርኔቱ መስመርና የሠለጠነው ሠራተኛ በየዓመቱ በጀት ይፈልጋሉ። በአንድ የውጭ ርዳታ ብቻ የተከፈተ ማኅደር፣ ርዳታው ሲያልቅ ደጁ ይዘጋል። እንዲሁም ጽሑፉ ሁሉ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ካለ፣ ያ ኮምፒዩተር በተበላሸ ቀን የብዙ ዓመት ድካም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ የግድ ነው።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያም ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፍ በዲስፔስ ፕሮግራም አማካይነት በኢንተርኔት እንዲነበብ አድርጓል። በሴፕቴምበር 2019 ደግሞ በጊዜው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የጥናት መረጃ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን፣ አዲስ የሚወጣውም ጽሑፍ በብሔራዊው የአካዳሚ ማኅደር እንዲገባ የሚያዝ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ያን ጊዜ በሚኒስቴሩ ሥር የነበሩትን 47 ዩኒቨርሲቲዎች የሚመለከት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው የስሙ ነገር ነው። ማኅደር በሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበትና በትከሻ የሚንጠለጠለው የቆዳ ማኖሪያ መሆኑ ይታወቃል። በናይሮቢና በአዲስ አበባ ዋና ዋና ቅጥሮች ያሉት ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት የጥናት መጋዘኑን በኢንተርኔት ሲከፍት «ማኅደር» ብሎ በአማርኛ ሰየመው። ይህ መጋዘን በኋላ ሲጂ ስፔስ ተብሎ፣ ዛሬ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ የእርሻ ምርምር ማዕከሎች በጋራ የሚገለገሉበት ሆኗል። የጽሑፎቹ ቋሚ ቍጥር ሁሉ በ10568 ይጀምራል።

በዚህ ማኅደር ከተመዘገቡት ጥናቶች አንዱ ነጋዴን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከሚመረት ወተት በ2014 እና በ2015 ከተወሰዱት 110 ናሙናዎች ውስጥ 29ኙ፣ ከሻጋታ የሚመነጨውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በአሜሪካ ከተፈቀደው ልክ በላይ ይዘው ተገኙ። እንዲህ ያለ ነገር በወሬ ብቻ ሲሰማ ወተት ገዢው ይሸሻል፤ ወተት ሻጩም የሚመልሰው ቃል ያጣል። ጽሑፉን ከፍቶ ያነበበ ነጋዴ ግን የነገሩ ሥር በላሞቹ መኖ፣ በተለይም በኑግ ፋጉሎ ላይ እንደ ሆነ ይረዳል። እንግዲህ መድኃኒቱ ወተት መሸጥን መተው ሳይሆን ፋጉሎውን በደረቅ ቦታ ማከማቸትና አስመርምሮ መግዛት ነው። ወሬ ንግድን ሲያፈርስ፣ ጥናት ግን የተበላሸውን ቦታ ለይቶ ያሳያል።

የበርበሬውም ነገር ከዚህ አይለይም። በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ከተሰበሰቡት የሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች በከፊሎቹ ውስጥ ይኸው አፍላቶክሲን እንደ ተገኘ ገልጾ ነበር። ጽሑፉ የወጣው በሐኪሞች መጽሔት ስለ ነበረ፣ የበርበሬ ነጋዴ ያነበዋል ተብሎ የሚጠበቅ አልነበረም። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ደንብ ቍጥር 2019/1793፣ ከኢትዮጵያ የሚላክ ቅመማ ቅመም ስለ አፍላቶክሲን፣ ሰሊጥ ደግሞ ሳልሞኔላ ስለ ተባለው ተሕዋስ በመግቢያ በር ላይ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግባቸው ከተዘረዘሩት ዕቃዎች ጋር ተመዘገቡ። ዝርዝሩ በየጊዜው የሚሻሻል ስለ ሆነ ላኪው የወቅቱን መመልከት አለበት። ዋናው ቁም ነገር ግን በወደብ ላይ የቆመ ዕቃ የሚያስከትለውን ኪሣራ ላኪዎች ሁሉ የሚያውቁት መሆኑ ነው። ከዚያ ኪሣራ የሚያድነው ዕውቀት ቢያንስ በከፊል አስቀድሞ በአገር ውስጥ ተጽፎ ነበር።

ከነጋዴው የሚጠበቀው

የምርምሩ ገንዘብ ከሚወጣበት ግብር ውስጥ ነጋዴው የሚከፍለው ድርሻ ትንሽ አይደለም። ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሎ ዕቃውን ሳይረከብ መቅረት ደግሞ የንግድ ሕግ አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን መፈጸም ይገባዋል።

1ኛ/ አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ ወይም አዲስ መጋዘን ከመሥራቱ በፊት፣ ስለዚያ ዕቃ የተጻፈ ጥናት መኖሩን በማኅደሮቹ ውስጥ ያስፈልግ። ጊዜ ከሌለው አንድ የተማረ ጸሐፊ ወይም ልጁ በአንድ ቀን ሊፈጽመው ይችላል።

2ኛ/ ያገኘውን ሁሉ በእኩል ሚዛን አይመዝን። በመርማሪዎች ታይቶ በመጽሔት የወጣው፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍና ገና ያልተመረመረ ረቂቅ ደረጃቸው ይለያያል። መዝገቡ የትኛው እንደ ሆነ ስለሚገልጽ አስቀድሞ ይመልከት። ጥናቱ የተሠራበትንም ዓመትና ቦታ ያስተውል።

3ኛ/ ዩኒቨርሲቲ ከነጋዴ ማኅበር ወይም ከኩባንያ ጋር ለጥናት ሲዋዋል፣ ውጤቱ በማኅደር እንዲቀመጥ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። የንግድ ምሥጢር የሆነው ክፍል እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ስለ ምሥጢሩ ተብሎ ግን ጥናቱን በሙሉ መቅበር አያስፈልግም።

4ኛ/ የተፈለገው ጥናት በማኅደሩ ያልተገኘ እንደ ሆነ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በደብዳቤ ይጠየቅ። የሚጠይቅ ደንበኛ ያለው መጋዘን ባዶ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ ጠያቂ የሌለው ግን ቢሞላም አቧራ ይለብሳል።

ሊቁ ጥናቱን የመጻፍ፣ ዩኒቨርሲቲውም የማስቀመጥና የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። አንብቦ ሥራ ላይ ማዋል ግን የነጋዴው ፈንታ ነው። ከ1996 እስከ 2019 ድረስ የበርበሬው ማስጠንቀቂያ ተጽፎ መቆየቱ ብቻውን አንድም ጆንያ አላዳነም። ዛሬ በየማኅደሩ ተከፍቶ የሚጠብቀውም ጥናት አንባቢ እስኪያገኝ ድረስ ከዚያ የተሻለ ጥቅም አይሰጥም።